ከኢንተርኔት ለተነጠለ ኔትወርክ የትኛው አድራሻ ይሻላል?

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ኔትወርኩ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ፣ ደስ ያለኝን አይፒ አድራሻ (ኮምፒውተሮች ኔትወርክ ላይ የሚለዩበትን ቁጥር) ብሰጠው ምን ችግር አለው?

ለዛሬ ምንም። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ተነጥሎ የሚቀር ኔትወርክ ጥቂት ነው። አንድ ቀን አንዱ ሶፍትዌር ለማደስ ብሎ ገመድ ይሰካል። የመረጣችሁት አድራሻ ውጭ ባለቤት ካለው፣ ኮምፒውተሮቻችሁ ያንን ባለቤት እዚያው ውስጥ ይፈልጉታል። አያገኙትማ! 1.1.1.1ን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረው የተጠቀሙበት ብዙ ነበሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር) አገልግሎት ሲከፍትበት፣ አገልግሎቱ እነሱ ጋ አልደርስ አለ።

ለዚህ መፍትሔው ቀድሞም ነበር። አርኤፍሲ 1918 የተባለው የ1996 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ለግል ኔትወርክ፣ ውጭ ባለቤት የማይኖራቸውን ሦስት የአድራሻ ክልሎች ለይቷል፦ በ10 የሚጀምሩትን በሙሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትን፣ በ192.168 የሚጀምሩትን። መካከለኛው ያደናግራል። 172 ሁሉ የግል ይመስላል፤ 172.32 ግን አይደለም።

ከሦስቱ መምረጥ ይቻላል፣ ግን 192.168.0ን እና 192.168.1ን ባትነኩ ይሻላል። የቤት ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ይዘዋቸው ነው የሚመጡት። ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ በቪፒኤን (ከሩቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ በሚያስገባ ግንኙነት) ሲገባ ሁለቱ ኔትወርኮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይጋጫሉ። 10.0.0ም ያው ነው። እኔ ብሆን እንደ 10.83.47 ያለ፣ ሰው በቀላሉ የማያስበውን እመርጣለሁ። አይፒ ቪ6 (አዲሱና ረዘም ያለው የአይፒ አድራሻ ዓይነት) ላይማ ይህ እንደ ደንብ ተጽፏል፦ በኤፍዲ (fd) ፊደላት የሚጀምር የግል አድራሻ፣ ቀጣዮቹ 40 ቢቶች (የ0 እና 1 አሃዞች) በዘፈቀደ መውጣት አለባቸው።