ለመንገድ ብቻ የተከለለ የቤንዚን ታክስ ምንድን ነው?

በአሜሪካ አንድ አሽከርካሪ ማደያ ገብቶ ቤንዚን ሲቀዳ ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ለፌዴራል መንግሥት በጋሎን 18.4 ሴንት፣ በዚያ ላይ ደግሞ የግዛቱ ታክስ ይታሰባል። ይህ ገንዘብ ወደ መንግሥት ጠቅላላ ካዝና ገብቶ ለሌላ ወጪ እንዳይዛወርና ለመንገድ ወይም ለመጓጓዣ ሥራ ብቻ እንዲውል በሕግ ሲታጠር፣ የተከለለ ታክስ እንለዋለን። መነሻ ሐሳቡ መንገዱን የሚጠቀም ሰው ይክፈል፣ የከፈለውም ወደ መንገዱ ይመለስ የሚል ነው።

በቤንዚን ላይ ታክስ በመጣል ቀዳሚዋ ኦሪገን ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በጋሎን አንድ ሴንት ማስከፈል ጀመረች፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ሁሉም ግዛቶች ተከተሏት። የፌዴራሉ ታክስ ግን በ1932 ሲጀመር የበጀት ጉድለት መሙያ እንጂ የመንገድ ገንዘብ አልነበረም። የተከለለው በ1956 ነው፤ በዚያ ዓመት ታላላቆቹን የግዛት አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች ለመሥራት የአውራ ጎዳና አደራ ፈንድ ተቋቋመ። መጠኑ ከ1993 ወዲህ ስላልጨመረና የገንዘብ የመግዛት አቅም እየወረደ ስለሄደ፣ ከ2008 ጀምሮ ኮንግረስ ፈንዱን ከጠቅላላው ካዝና በተደጋጋሚ መደጎም ግድ ሆኖበታል። በመሆኑም በፌዴራል ደረጃ ተጠቃሚው ራሱ ይከፍላል የሚለው አባባል ዛሬ በከፊል ብቻ እውነት ነው።

በግዛቶች ደረጃ አጥሩን የሚያጠብቀው ብዙ ጊዜ መራጩ ሕዝብ ነው። ሕግ አውጪዎች የመንገዱን ገንዘብ ለሌላ ጉድለት መሙያ ያደርጉታል የሚል ሥጋት ስላለ፣ ሜሪላንድና ዊስኮንሲን በ2014፣ ኢሊኖይ በ2016፣ ኮነቲከት በ2018 ገንዘቡ እንዳይነካ የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በድምፅ አጽድቀዋል። የካሊፎርኒያ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። የግዛቷ ምክር ቤት በ2017 የቤንዚን ታክስን በጋሎን 12 ሴንት ከፍ አደረገ። በሰኔ 2018 መራጮች ከዚህ ሕግ የሚገኘው አዲስ ገቢ ለመጓጓዣ ብቻ እንዲውል ወሰኑ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጭማሪው እንዲሻርና ወደፊትም ያለ ሕዝብ ይሁንታ ታክስ እንዳይጨመር የሚል ሐሳብ ሲቀርብላቸው ግን ውድቅ አደረጉት። ሕዝቡ የሚቃወመው መክፈሉን ሳይሆን የከፈለው ገንዘብ የት እንደደረሰ አለማወቁን ነው የሚለውን ክርክር ይህ ውጤት ያጠናክረዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምንም እንኳ የማሳቹሴትስ መራጮች በ2014 የቤንዚን ታክስ ከዋጋ ንረት ጋር በራሱ እንዲጨምር የሚያደርገውን ሕግ መሻራቸው የማይካድ ቢሆንም።

ገንዘቡ የት ይውላል ለሚለው አጥሩ መልስ ይሰጣል፤ ማን ምን ያህል ይክፈል ለሚለው ግን አይሰጥም። ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ኦታዋ ከተማ አቅራቢያ በተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ ተሽከርካሪ በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ካረፈው ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ሦስት ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ሁለት ቶን ከሚመዝን መኪና አምስት እጥፍ ያህል ይጎዳል። አምስት አክስል ያለውና 36 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ግን የዚያን ትንሽ መኪና ጉዳት ከ6,000 ጊዜ በላይ ያደርሳል። ተሳቢው ለአንድ ማይል የሚያቃጥለው ነዳጅ ከትንሹ መኪና ጥቂት እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ የነዳጅ ታክሱ ብቻውን ከጉዳቱ ጋር ሊመጣጠን አይችልም። ስለ ትልልቅ መኪናዎች የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ በቤት መኪኖች ላይ ያተኩራል፤ አስፋልቱን በዋነኛነት የሚጎዳው ግን የጭነት መኪናው ነው። የፌዴራል መንግሥት በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ ዓመታዊ ክፍያ ቢጥልም፣ ጣሪያው 550 ዶላር ነው።

ኦሪገን ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ አስራቸዋለች። ከባድ የጭነት መኪናዎች በነዳጁ ታክስ ፈንታ እንደ ክብደታቸውና እንደተጓዙት ማይል ይከፍላሉ፤ በ1999 ደግሞ መራጮች ቀላልና ከባድ ተሽከርካሪዎች ለመንገድ ከሚያስወጡት ወጪ ጋር የተመጣጠነ ድርሻ እንዲከፍሉ በሕገ መንግሥቱ ላይ አሰፈሩ። ድርሻው በየሁለት ዓመቱ በጥናት ይመረመራል። በቅርብ ዓመታት የወጡት ጥናቶች ከባዶቹ ከድርሻቸው በላይ እየከፈሉ መሆናቸውን ስላሳዩ፣ የግዛቷ የጭነት ትራንስፖርት ማኅበር ይህንኑ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጠቅሶ በ2024 ግዛቷን ፍርድ ቤት አቁሟታል።