ስሎውዳይቭ፦ የተሰደበ ባንድ ከ22 ዓመት በኋላ ሲመለስ

«ስሎውዳይቭ» በ2017 የወጣ አልበም ነው። የሠራውም ስሎውዳይቭ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ነው። አልበሙም ባንዱም ስማቸው አንድ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለባንዱ አራተኛ አልበሙ ነው። ሦስተኛው የወጣው በ1995 ነበር። በመሀል 22 ዓመት አለፈ። ባንዱ ፈረሰ፣ አባላቱም በየፊናቸው ሌላ ሥራ ያዙ። ሲመለሱ፣ ድሮ መሳቂያ መሳለቂያ ያደረጋቸው የሙዚቃ ፕሬስ አጨበጨበላቸው።

አልበሙ ጥሩ ነው። ይህን ከወዲሁ ተናግሬ ልገላገል። የአቀባበሉ ነገር ግን በአልበሙ ጥሩነት ብቻ አያልቅም። የ2017ቱን ሂስ ለመረዳት የ1993ቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍርድ የመጀመሪያው ፍርድ ይግባኝ ነበርና።

ጫማቸውን የሚያዩ ልጆች

ባንዱ የተመሠረተው በ1989 ከለንደን በስተምዕራብ ባለችው ሬዲንግ ከተማ ነው። ኒል ሆልስቴድና ሬቸል ጎስዌል ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ። ሁለቱም ይዘፍናሉ፣ ሁለቱም ጊታር ይጫወታሉ። ክርስቲያን ሳቪል ሦስተኛውን ጊታር ያዘ። ኒክ ቻፕሊን ቤዝ፣ ሳይመን ስኮት ደግሞ ከበሮ ይመታል። ገና አፍላ ወጣቶች ሳሉ ክሪኤሽን ሪከርድስ አስፈረማቸው። ክሪኤሽን በአለን ማጊ የሚመራ የለንደን አሳታሚ ነበር። ማይ ብለዲ ቫለንታይንና ራይድ የተባሉት ባንዶችም እዚያው ነበሩ።

የሙዚቃው ስልት «ሹጌዝ» ይባላል። ቃሉ ጫማ ላይ ማፍጠጥ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው ፕሬሱ ነው፤ ሊያሞግሳቸው ብሎ ግን አልነበረም። ጊታሪስቶቹ መድረክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። እግራቸው ስር የተደረደሩትን የኢፌክት ፔዳሎች እያዩ መርገጥ አለባቸው። ፔዳሎቹ የጊታሩን ድምፅ ይለጥጡታል፣ ይደራርቡታል፣ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሱታል። በመጨረሻ የሚሰማው ነገር ጊታር መሆኑ እንኳ ያጠራጥራል። የዘፋኞቹ ድምፅም ከሙዚቃው በላይ አይወጣም። መሀሉ ገብቶ ይቀበራል። ግጥሙን ለመስማት ጆሮ ማቅናት ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ቴፑ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

በ1990 እና በ1991 የወጡት፣ ጥቂት ዘፈን ብቻ የያዙ ትንንሽ ቅጂዎቻቸው ተወደሱ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ለምን? የእንግሊዝ የሙዚቃ ፕሬስ አሠራር ግማሹን መልስ ይሰጣል። ኤንኤምኢና ሜሎዲ ሜከር በየሳምንቱ የሚወጡ ጋዜጦች ነበሩ። በየሳምንቱ አዲስ ጀግና ያስፈልጋቸዋል። አዲስ ጀግና ለማንገሥ ደግሞ ያለፈውን ከዙፋኑ ማውረድ ግድ ይላል። አንድ ባንድ በስድስት ወር ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ስሎውዳይቭ ልክ በዚህ ወፍጮ ነው የተፈጨው።

ሌላው ግማሽ ጊዜው ነው። በ1991 መጨረሻ ኒርቫና የተባለው ጩኸታም የሮክ ባንድ ከአሜሪካ መጣ። ቀጥሎ ብሪትፖፕ የተባለው የእንግሊዝ የጊታር ፖፕ ማዕበል ተነሣ። ፕሬሱ የሚጮህ፣ የሚሳደብ፣ ቃለ ምልልስ ላይ እሳት የሚተፋ ሰው ፈለገ። እነዚህ ዝምተኞች ምን ርዕስ ይወጣቸዋል? የመደብ ጉዳይም ነበረበት። ሬዲንግ ካለችበት ከቴምስ ሸለቆ የመጡ፣ ያልተቸገሩ፣ የሚሉት ነገር የሌላቸው ልጆች ተደርገው ተሳሉ። የሹጌዝ ባንዶቹ አንዱ የሌላውን ኮንሰርት እየሄደ አብረው ይጠጡ ስለነበር፣ ሜሎዲ ሜከር «ራሱን በራሱ የሚያወድስ ሠፈር» ዓይነት ቅጽል አወጣላቸው።

ስድቡ ዛሬ ሲነበብ ያስቃል። ማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ የተባለው የዌልስ ባንድ አባል ሪቺ ኤድዋርድስ ስሎውዳይቭን ከሂትለር አብልጠው እንደሚጠሉ ተናገረ። በ1993 ሁለተኛው አልበማቸው «ሱቭላኪ» ሲወጣ፣ የሜሎዲ ሜከሩ ሃያሲ ይህን አልበም ደግሜ ከምሰማ ገንፎ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ታንቄ ብሞት ይሻለኛል የሚል ነገር ጻፈ። ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም፤ ቢያንስ ባንዱ አልሳቀም። ሆልስቴድና ጎስዌል በፍቅር አብረው ነበሩና ተለያይተዋል። አልበሙ የዚያ ሐዘን አለበት። ዝነኛው ሙዚቀኛና ፕሮዲዩሰር ብራያን ኢኖ እንኳ ጥቂት ቀን አብሯቸው ሠርቷል። ያ ሁሉ ለሃያሲው ገንፎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረሳት የለበትም። በ1993 አንባቢው አልበሙን ሳይገዛ የሚሰማበት መንገድ ጠባብ ነበር። ሬዲዮ ካላጫወተው፣ ጓደኛ ካልቀዳለት፣ ያለው የሃያሲው ቃል ነው። ስለዚህ አንድ መጥፎ ሂስ በር የመዝጋት አቅም ነበረው።

በ1995 ሦስተኛው አልበም «ፒግማሊየን» ወጣ። አሳታሚው የሚፈልገው ፖፕ ነበር። ሆልስቴድ ያመጣው ግን ጭራሽ የባሰ ዝምታ ነው፤ ጥቂት ድምፅ፣ ብዙ ባዶ ቦታ። ክሪኤሽን በዚያን ጊዜ ኦኤሲስ የተባለውን የብሪትፖፕ ባንድ ይዞ ነበርና ሌላ ትዕግሥት አላስፈለገውም። አልበሙ በወጣ ሰሞን ባንዱን አሰናበተ። ሆልስቴድና ጎስዌል ሞሃቪ 3 የሚባል ለስላሳ የፎክ ባንድ አቋቁመው ቀጠሉ። ስሎውዳይቭ አበቃ።

ማንም ሳይጽፍላቸው

ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመው የሚቀጥለው ክፍል ነው። ባንዱ ከሞተ በኋላ ነው ያደገው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰዎች በኢንተርኔት ዘፈን መለዋወጥ ጀመሩ። አንዱ ለሌላው «ይቺን ስማት» እያለ ላከ። ተቀባዩ የሜሎዲ ሜከርን ገንፎ አላነበበም። ብዙዎቹ እንግሊዛውያንም አልነበሩም። ስድቡ ያልደረሰበት ቦታ ሙዚቃው ብቻውን ደረሰ።

በ2002 ሞር ሙዚክ የተባለው የጀርመን አሳታሚ፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች የስሎውዳይቭን ዘፈኖች እንደገና የሠሩበትን መድብል አሳተመ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ግሬግ አራኪ ደግሞ ዘፈኖቻቸውን በፊልሞቹ ውስጥ ደጋግሞ ተጠቀመ። በመድረክ ላይ ያለ ባንድ ማስታወቂያ ይሠራል፣ ቃለ ምልልስ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ራሱን ያበላሻል። ስሎውዳይቭ ይህን ሁሉ አላደረገም። ስላልነበረ አልተሳሳተም።

እነዚያ ሳምንታዊ ጋዜጦችስ? ሜሎዲ ሜከር በ2000 ተዘግቶ ከኤንኤምኢ ጋር ተቀላቀለ። በቦታው አዲስ ዳኛ ተሰየመ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ስሎውዳይቭ በፈረሰበት ሰሞን፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ወጣት የጀመረው ፒችፎርክ። ፒችፎርክ ከ0.0 እስከ 10.0 ነጥብ ይሰጣል። በ2016 የሹጌዝ ምርጥ 50 አልበሞችን ሲዘረዝር፣ አንደኛ የማይ ብለዲ ቫለንታይንን «ላቭለስ» አደረገ። ሁለተኛ ማንን? ያንኑ «ሱቭላኪ»ን። አልበሙ ያው የ1993ቱ ነው፤ አንዲት ኖታ አልተነካችም።

ባንዱ መመለሱን ያሳወቀው በ2014 መጀመሪያ ነው። ያ አምስት ሰው፣ የድሮው ሙሉ ቡድን። በዚያው ዓመት ባርሴሎና በሚካሄደው ፕሪማቬራ ሳውንድ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። ድሮ ያላዩት ሕዝብ ፊታቸው ቆመ። አዲሱ አልበም ሲመጣ መሬቱ ከታረሰ ቆይቷል ማለት ነው።

የ2017ቱ ፍርድ

አልበሙ በሜይ ወር ዴድ ኦሽንስ በተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በኩል ወጣ። ስምንት ዘፈን ነው፣ 46 ደቂቃ ገደማ። «ስሎሞ» ይከፍተዋል፣ «ፎሊንግ አሺዝ» ይዘጋዋል። ቀድመው በነጠላ የወጡት «ስታር ሮቪንግ» እና «ሹገር ፎር ዘ ፒል» ነበሩ። የመጀመሪያው ፈጣንና ጮክ ያለ ነው፤ ባንዱ አርጅቷል ብሎ የጠበቀውን ሰው አስደነገጠ። ሁለተኛው ዝግ ያለና ያዘነ ነው። ብዙ አድማጭ ዛሬም ከአልበሙ የሚመርጠው እሱን ይመስለኛል።

አቀባበሉ ባመዛኙ ሙገሳ ነበር። ፒችፎርክ 8.6 ሰጥቶ «ምርጥ አዲስ ሙዚቃ» ከሚላቸው መደበው። አልበሙ የዓመቱ ምርጦች በተዘረዘሩበት ቦታ ሁሉ ብቅ ብቅ አለ። ሂሶቹን ሳነብ አንድ የጋራ ቅርጽ አየሁባቸው። መጀመሪያ የድሮው በደል ይተረካል። ቀጥሎ ጊዜ እንዴት እንደካሳቸው ይነገራል። ስለ ሙዚቃው የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ግማሹ ታሪክ ነው። አንዳንዱ ሃያሲ የሚጽፈው አባቱ የተበደሩትን ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ነው።

ቃላቱም ያስገርማሉ። ጭጋግ፣ ደመና፣ ባሕር፣ ሕልም። ድሮ «ጭጋግ ነው» ማለት ባዶ ነው፣ የሚጨበጥ የለውም ማለት ነበር። አሁን ያው ቃል ለውዳሴ ዋለ።

ስለ ሙዚቃው ራሱ ሲወራ ትኩረት የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። አልበሙ ከድሮዎቹ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ከበሮው ይሰማል፣ ቤዙ ይሰማል፣ ድምፆቹም ትንሽ ወደፊት መጥተዋል። የመጨረሻ ቅንብሩን የሠራው አሜሪካዊው ክሪስ ኮዲ ነው፤ ከስሎውዳይቭ በኋላ ከመጡ የሕልም ፖፕ ባንዶች ጋር የሠራ ሰው። ማለትም ባንዱ ራሱ ባበቀለው ዘር ጆሮ ተቀርጾ ተመለሰ። የድሮውን ድምፅ ቀድቶ አላመጣም፤ ከሱ የተማሩት ያሻሻሉትን መልሶ ወሰደ። ለእኔ የአልበሙ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ድክመቱን ካነሣን «ፎሊንግ አሺዝ» አለ። አንድ የፒያኖ ሐረግ እየተመላለሰ ስምንት ደቂቃ ይሄዳል። የሚወዱት በጣም ይወዱታል። እኔ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሰዓቴን አያለሁ።

ሌሎቹ ሲመለሱ

ዕዳው ምን ያህል እንደሠራ ለማየት ሌሎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በ2013 ማይ ብለዲ ቫለንታይን እነሱም ከ22 ዓመት በኋላ አልበም አወጡ። በራሳቸው ድረ ገጽ ድንገት ለቀቁት፣ ገጹም ከሰው ብዛት ተዘጋ። ፒችፎርክ 9.1 ሰጣቸው። እነሱ ግን በክብር የሄዱ ነበሩ፤ ሰዉ ዓመታት ሙሉ ሲጠብቃቸው ነው የኖረው።

የአሜሪካው የሮክ ባንድ የፒክሲስ ነገር ተቃራኒው ነው። ባንዱ ከ1991 ወዲህ አልበም አልነበረውም። ቤዚስቷ ኪም ዲል በ2013 ለቀቀች። የቀሩት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የመጀመሪያውን ትንሽ ቅጂ አወጡ። ፒችፎርክ 1.0 ሰጠው። በ2014 ቅጂዎቹ ተጠቃለው «ኢንዲ ሲንዲ» የተባለ አልበም ሲሆኑ 2.5 አገኘ። ያን ያህል መጥፎ ነበር? አይመስለኝም፤ መካከለኛ ሮክ ነው። ጥፋቱ ስሙ ነው። ፒክሲስ ከፈረሰ በኋላ እንደ ታቦት ተቆጥሮ ነበር። ታቦት የነካ ደግሞ፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ ይቀጣል።

ለንጽጽር በጣም የሚመቸው ግን ራይድ ነው። ያው ዘመን፣ ያው ክሪኤሽን፣ ያው ስልት። ከ1996 በኋላ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡትም በዚያው በ2017 ነው፤ ከስሎውዳይቭ አልበም አንድ ወር ገደማ ቆይቶ። አቀባበሉ ጨዋ ነበር፣ ሞቅ ያለ ግን አልነበረም። ልዩነቱ ከፊሉ በሙዚቃው ነው፤ የስሎውዳይቭ ይበልጣል። ከፊሉ ግን ራይድ ድሮ ተወዶ የነበረ መሆኑ ነው። ማንም ይቅርታ የሚጠይቀው ነገር አልነበረም።

ዕዳ ከተከፈለ በኋላ

ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነ፣ ቀጣዩ አልበም መውደቅ ነበረበት። ይቅርታው ተጠይቋል፣ ታሪኩ ተተርኳል፣ ለአምስተኛው አልበም ምን ቀረ? «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» በሴፕቴምበር 2023 ወጣ። በ2020 ለሞቱት የጎስዌል እናትና የስኮት አባት መታሰቢያ ነው። ሃያሲያኑ አሁንም ወደዱት። ከዚያ ይበልጥ የሚገርመው ገበያው ነው፤ በእንግሊዝ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ ስድስተኛ ሆነ። ባንዱ ከዚያ በፊት እስከ አስር ገብቶ አያውቅም፤ በወጣትነቱም፣ በ2017ም።

ስለዚህ የዕዳው ንድፈ ሐሳቤ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል። ቀሪውን መንገድ የሄዱት ሃያሲ የማያነቡ ልጆች ናቸው። የድሮ ዘፈኖቻቸው በቲክቶክ አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ተዛመቱ። በኮንሰርቶቻቸው ላይ ከፊት የሚቆሙት ብዙዎቹ «ሱቭላኪ» ሲወጣ ገና አልተወለዱም ነበር። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ። መድረኩ ላይ ያሉት በሃምሳዎቹ ዕድሜ የደረሱ ጊታሪስቶች ግን ቀና ብለው አያዩአቸውም። ፔዳሎቹ አሁንም ያሉት እግራቸው ስር ነው።