25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያቆመው ሞተሩ ነው፣ ሳይክሉ አይደለም

«በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የማይሄድ የኤሌክትሪክ ሳይክል ምን ያደርግልኛል?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ እየመጣ ስለሆነ አንዴ ላስረዳ።

ገደቡ የሞተሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሞተሩ የሚያግዘው ፔዳል ስትረግጡ ነው። ፍጥነቱ 25 ሲደርስ እገዛው ይቋረጣል። ከዚያ በላይ በራሳችሁ ጉልበት 30ም 40ም ብትሄዱ ሳይክሉ አይይዛችሁም።

እንበልና ሜዳ ላይ ከጓደኛችሁ ጋር በ30 እየነዳችሁ ነው። ሞተሩ ዝም ብሏል። ዳገት መጣና ፍጥነቱ ወደ 15 ወረደ። አሁን ሞተሩ ይገባል፣ እግራችሁም እፎይ ይላል። የሳይክሉ ክብደት የሚያሳስበውም ለዚህ ነው፤ ሜዳው ላይ ሞተሩንና ባትሪውን የምትገፉት እናንተው ናችሁ። 12 ወይም 13 ኪሎ ከሆነ ብዙም አይከብድም። 25 ኪሎ የሚመዝነውን ግን በ30 ለመንዳት ሞክሩትና እንነጋገራለን!

በዚሁ ሕግ ለሞተሩ ኃይል የተቀመጠው 250 ዋት የሚለው ገደብም ያደናግራል። ሞተሩ ያለማቋረጥ እንዲሰጥ የተመዘነበት ኃይል ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ቢሰጥ ሕግ ጣሰ ማለት አይደለም።

የፍጥነት ገደቡ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ክላስ 1 የሚባለው የኤሌክትሪክ ሳይክል ዓይነት በሰዓት እስከ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክላስ 3 እስከ 45 ገደማ ያግዛል። ስለዚህ ከሌላ አገር ከማስመጣታችሁ በፊት የምትነዱበትን አገር ሕግ እዩ። ገደቡን ማስነሳት ደግሞ ሳይክላችሁን በሕግ ፊት ሞተር ሳይክል ሊያደርገው ይችላል።