የደህንነት ቀበቶ መጠቅለያና በኢነርሺያ የሚነቃው መቆለፊያው

በኢነርሺያ የሚቆለፍ የቀበቶ መጠቅለያ የደህንነት ቀበቶን ጥብጣብ በእንዝርት ላይ ጠቅልሎ የሚይዝ፣ ተሳፋሪው በዝግታ ሲንቀሳቀስ ጥብጣቡን እንደልብ የሚለቅና የሚሰበስብ፣ ተሽከርካሪው በድንገት ሲቆም፣ ሲገለበጥ ወይም ጥብጣቡ በኃይል ሲጎተት ግን እንዝርቱን ከመዞር የሚያግድ መሣሪያ ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የፊት ወንበሮች መጠቅለያ የሚገኘው በፊትና በኋላ በሮች መካከል ባለው ምሰሶ ግርጌ፣ ከፕላስቲክ ክዳን ጀርባ ስለሆነ፣ ባለመኪናው ለዓመታት ሲጠቀምበት ኖሮ አንድም ቀን በዓይኑ ላያየው ይችላል። ቀበቶ ሲባል ሰው የሚያስበው ጥብጣቡንና ዘለበቱን ነው፤ ጥብጣቡ በአደጋ ጊዜ ሰውን ይዞ የሚያስቀረው ግን ይህ የተደበቀ ጥቅልል ከተቆለፈ ብቻ ነው።

ኢነርሺያ ማለት አንድ አካል ቆሞ ከሆነ እንደቆመ፣ እየሄደ ከሆነም በያዘው ፍጥነትና አቅጣጫ የመቀጠል ጠባዩ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ መኪናው ይቆማል፤ ተሳፋሪው ግን በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። ተሳፋሪውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ይህ ጠባይ ነው፤ መጠቅለያውን የሚቆልፈውም ይኸው ጠባይ ነው። መሠረታዊው መቆለፊያ ባትሪም ሆነ ሽቦ ወይም ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ቢጠፋ፣ መብራቱ ቢቋረጥ እንኳ ሥራውን ይሠራል።

ከመጠቅለያው በፊት

ቀደምቶቹ የመኪና ቀበቶዎች ርዝመታቸው በእጅ የሚስተካከል ነበር። ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን፣ በሳብ ኩባንያ የጦር አውሮፕላን አብራሪን የሚያስፈነጥር ወንበር ሲነድፍ ቆይቶ ወደ ቮልቮ ከተዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ለመኪና ያበቃው ባለሦስት ነጥብ ቀበቶም (ወገብንና ትከሻን አንድ ላይ የሚይዘው) መጀመሪያ ላይ መጠቅለያ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን ቀበቶ አጥብቆ ያሰረ አሽከርካሪ ጎንበስ ብሎ ከፊቱ ያለ ማብሪያ መንካት ያቅተዋል፤ አላልቶ ያሰረው ደግሞ በግጭት ጊዜ ሰውነቱ ያንን ክፍተት ሳይገታ አቋርጦ ከጥብጣቡ ጋር የሚገናኘው መኪናው አስቀድሞ ፍጥነቱን ከቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የላላ ቀበቶ የያዘው ሰው ዘግይቶ ነው የሚያዘው፤ ዘግይቶ የተያዘ ደግሞ በበለጠ ኃይል ይመታል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ትቶ ቀበቶውን ከወንበሩ ሥር ጥሎ ይሄድ ነበር።

አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሃንተር ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1955 በሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በመኪና አደጋ የሚደርሰውን የራስ ጉዳት ለመቀነስ ከሚረዱ መላዎች አንዱ ራሱን የሚሰበስብ ቀበቶ መሆኑን አመልክተው ነበር። በኢነርሺያ የሚቆለፍ መጠቅለያ በአውሮፕላን አብራሪዎች የትከሻ ማሰሪያ ላይ ቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ በመኪኖች ላይ እየተስፋፋ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ቀበቶ ማሰርን በሕግ ግዴታ ስታደርግና ሌሎች አገሮችም ሲከተሏት፣ ቀበቶው በየቀኑ የሚታሰር ዕቃ ሆነ፤ በየቀኑ የሚታሰር ዕቃ ደግሞ ምቾት ከሌለው ሰው መሸሺያ አያጣለትም። በእኔ እምነት የመጠቅለያው ትልቁ አስተዋጽኦ ከጥንካሬው ይልቅ ይህ ነው፦ ቀበቶውን ሰው ሊታገሠው የሚችል ዕቃ አደረገው።

በመካከሉ አንድ ሌላ ዓይነት ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም። ይህ ዓይነት ጥብጣቡ መውጣቱን እንዳቆመ ወዲያው የሚቆለፍና ከዚያ በኋላ መሰብሰብ እንጂ መልቀቅ የማያውቅ ነው። ለወገብ ቀበቶ አይከፋም፤ በትከሻ ላይ ግን ሰውየው በተነፈሰና በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያጠበቀ ስለሚሄድ ለአዋቂ አይመችም።

ብይዋና ጎድጓዳ ማረፊያዋ

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መጠቅለያ ሁለት ዳሳሾች አሉት፤ አንደኛው የመኪናውን፣ ሁለተኛው የጥብጣቡን እንቅስቃሴ ይከታተላል። የመኪናውን እንቅስቃሴ የሚከታተለው ብዙውን ጊዜ በጎድጓዳ ማረፊያ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የብረት ብይ ናት። በላይዋ ቀላል የፕላስቲክ ማንሻ ተደግፎባታል። መኪናው በእርጋታ ሲሄድ ብይዋ ከጉድጓዱ መሃል አትነቃነቅም፤ መኪናው በድንገት ፍጥነቱን ሲቀንስ ግን ማረፊያው ከመኪናው ጋር ወደኋላ ሲቀር ብይዋ ጉዞዋን ትቀጥልና የጉድጓዱን ግድግዳ ትወጣለች፤ ስትወጣ ማንሻውን ወደላይ ትገፋዋለች፤ የማንሻው ጫፍም በእንዝርቱ ጎን ያለውን ባለጥርስ ጎማ ይነክሳል። በአንዳንድ ንድፎች በብይዋ ፋንታ የተንጠለጠለ ክብደት ወይም በግርጌው የቆመ ከባድ ዘንግ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

የብይዋ ነገር ሲመረመር ደስ የሚል ቀላልነት አለው። ብይዋ ግድግዳውን መውጣት የምትጀምረው የመኪናው ፍጥነት መቀነስ ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት ጋር ያለው ጥምርታ ከግድግዳው ዝንባሌ ታንጀንት፣ ማለትም ግድግዳው ወደላይ የሚወጣው ወደ ጎን ከሚሄደው ጋር ካለው ጥምርታ፣ ሲበልጥ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የብይዋ ክብደት የለበትም፤ ትልቅ ብይም ትንሽ ብይም በአንድ ዓይነት ማረፊያ ላይ በአንድ ዓይነት መጠን ትነቃለች። በተግባር የማንሻው ክብደትና ሰበቃ ስሌቱን ትንሽ ቢያዛቡትም፣ ንድፉን የሚወስነው የጉድጓዱ ቅርጽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 16 ለተለመደው የቤት መኪና መጠቅለያ የመኪናው ፍጥነት መቀነስ ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት 0.45 እጥፍ ሲደርስ እንዲቆለፍ ያዛል፤ ታንጀንቱ 0.45 የሆነ ዝንባሌ 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ያው ደንብ መጠቅለያው ከተገጠመበት አቋም እስከ 12 ዲግሪ ሲያዘነብል እንዳይቆለፍ፣ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲያዘነብል ግን የግድ እንዲቆለፍ የሚጠይቀውም ከዚሁ ጋር ስለሚገጥም ነው፤ ለብይዋ የመኪናው ማዘንበልና የመኪናው በድንገት መቆም አንድ ናቸውና። መኪና ሲገለበጥም ቀበቶው የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹ ያለ ምክንያት አልተመረጡም። በከተማ መንገድ ላይ በለሰለሰ እግር ፍሬን ሲያዝ የፍጥነቱ መቀነስ ከስበት 0.2 ወይም 0.3 እጥፍ አካባቢ ስለሆነ ቀበቶው ነጻ ሆኖ ይቆያል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን መጠኑ ከ0.45 በብዙ ያልፋልና ግጭቱ ከመድረሱ በፊት ቀበቶው ተቆልፎ ይጠብቃል። መጠኑ ዝቅ ቢደረግ ቀበቶው በየኮረብታውና በየጉድጓዱ እየያዘ ሰውን ያማርራል፤ ከፍ ቢደረግ ደግሞ የሚዘገየው በማይዘገይበት ሰዓት ነው። ሻካራ መንገድ ላይ ብዙ ለሚናጡ ከባድ ተሽከርካሪዎች ደንቡ ከፍ ያለ መነሻ፣ ማለትም 0.85 እጥፍ፣ የተፈቀደለት ለየት ያለ ዓይነት አለው።

የጥብጣቡን እንቅስቃሴ የሚከታተለው ሁለተኛው ዳሳሽ ያለው በእንዝርቱ ላይ ነው። እንዝርቱ ሲዞር በቀጭን ሞላ የተያዘ ትንሽ ክብደት አብሮት ይዞራል። ጥብጣቡ በዝግታ ሲወጣ ክብደቱ እኩል ይከተላል፤ በኃይል ሲነጠቅ ግን በራሱ ኢነርሺያ ከእንዝርቱ ወደኋላ ይቀራል፤ ይህ መዘግየቱ አንዲትን ጥፍር ወደ ውጭ ገፍቶ ከጥርሶች ጋር ያገናኛታል። ይህኛው ዳሳሽ ጥብጣቡ ከስበት 0.8 እጥፍ በታች በሆነ ፍጥንጥነት ሲጎተት እንዳይቆለፍ ደንቡ ይከለክላል፤ ያለዚያ ቀበቶውን በችኮላ የሚያስር ሰው ሁሉ ከመጠቅለያው ጋር ሲታገል ይውላል። ሁለቱ ዳሳሾች አንዱ ለሌላው ምትክ ናቸው፤ ብይዋ ብትጣበቅ እንኳ ወደፊት የተወረወረው ሰውነት ራሱ ጥብጣቡን ነጥቆ መቆለፊያውን ይቀሰቅሰዋል።

የተሳፋሪው ክብደት የሚቆልፈው ቁልፍ

እስካሁን የተባለውን የሰማ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ ክብደቷ ጥቂት ግራም የሆነች ብይና ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ማንሻ በግጭት ጊዜ በጥብጣቡ ላይ የሚያርፈውን በሺዎች ኒውተን የሚቆጠር ኃይል እንዴት ይችሉታል? መልሱ አይችሉትም፣ እንዲችሉትም አልተጠየቁም የሚል ነው። ማንሻው የሚነክሰው ባለጥርስ ጎማ ዋናው ጎማ አይደለም፤ ከእንዝርቱ ጋር በሞላ የተያያዘ ቀላል መሪ ጎማ ነው። መሪው ጎማ ሲያዝ እንዝርቱ ግን በተሳፋሪው እየተጎተተ ትንሽ መዞሩን ይቀጥላል፤ በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ይህ የመዞር ልዩነት የብረት ጥፍሮችን በተቀረጸላቸው መንገድ ወደ ውጭ እየመራ በመጠቅለያው የብረት አካል ላይ ከተቆረጡት ጠንካራ ጥርሶች ጋር ያጣምራቸዋል። ጭነቱን የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ብይዋ ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ናት፤ መቆለፊያውን ወደ ቦታው የሚያስገባው ጉልበት የሚመጣው ከሚያዘው ሰው ነው። ሰውየው በበረታ ቁጥር ጥፍሩ ጠልቆ ይገባል። ከዚህም የተነሳ ከግጭት ወይም ከኃይለኛ ፍሬን በኋላ ቀበቶው የሚለቀው ጥብጣቡ ጥቂት ወደኋላ ተመልሶ ጥፍሮቹ ከጥርሶቹ ሲላቀቁ ነው፤ እየጎተቱ ልቀቀኝ ማለት አይሠራም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥብጣቡ ትንሽ መውጣቱ አይቀርም። ደንብ ቁጥር 16 ከመቆለፉ በፊት የሚወጣው ጥብጣብ ከ50 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ የአሜሪካ መስፈርት ደግሞ መጠቅለያው በስበት 0.7 እጥፍ ፍጥንጥነት ሲፈተን 25 ሚሊ ሜትር ሳይወጣ እንዲቆለፍ ያዛል። እንዝርቱ ከተቆለፈ በኋላም በላዩ የቀረው ጥቅልል እየተጨመቀ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይለቃል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት በባሩድ ዓይነት ተቀጣጣይ ጉልበት እንዝርቱን ወደኋላ አዙሮ ጥብጣቡን የሚያጠብቀው መሣሪያ መጣ፤ መርሰዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ከኤርባግ ጋር ለሽያጭ አቅርቦታል። ከዚያ ቀጥሎ የተስፋፋው በእንዝርቱ ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፉ ከተቆለፈ በኋላ ኃይሉ ሲበዛ እየተጠመዘዘ ጥብጣቡን በልክ ይለቃል፤ ይህም የደረትን አጥንት ለመጠበቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ የተጨመሩት በመቆለፊያው ላይ እንጂ በእሱ ምትክ አይደለም።

ያለጊዜው ሲቆለፍ

አብዛኛው ሰው ስለ መጠቅለያው የሚያስበው ሲያስቸግረው ነው፤ የችግሩ ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ቁልቁለት ላይ አዘንብሎ የቆመ መኪና ቀበቶ አልወጣ ቢል ብይዋ ሥራዋን እየሠራች ነው። ቀበቶው ተለቆ በኃይል እስከ መጨረሻው ሲሰበሰብና ሲጋጭ ደግሞ የጥብጣቡ ዳሳሽ ተነክሶ ሊቀር ይችላል፤ ጥብጣቡን በትዕግሥት ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ በዝግታ መሳብ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

መጠቅለያን ከመኪና ፈትቶ በእጁ የያዘ ሰው የሚያጋጥመው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጥብጣቡን ሲስብ አንድ ጣት እንኳ አይወጣለትም፤ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይነሳል። ዕቃውን በእጁ ይዞ በምሰሶው ላይ በነበረበት አቋም ቀስ እያለ ሲያቀናው ግን በአንድ ማዕዘን ላይ ብይዋ ኳ ብላ ወደ ጉድጓዷ ስትመለስ ይሰማል፤ ጥብጣቡም ያለ ምንም ተቃውሞ ይወጣል። ለአንድ ሞዴል የተሠራን መጠቅለያ በሌላ መኪና ላይ መግጠም የማይገባውም ለዚህ ነው፤ የምሰሶው ዝንባሌ በጥቂት ዲግሪ ከተለየ ብይዋ ያለቦታዋ ትቀመጣለችና ወይ ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ ወይ ደግሞ፣ ይህ የባሰ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ይዘገያል።

ቀበቶን ነጠቅ አድርጎ መሞከር የተለመደ ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ይህ ሙከራ የሚፈትነው የጥብጣቡን ዳሳሽ ብቻ ነው፤ የብይዋን ደህንነት አያሳይም። የብይዋን ሥራ ለማየት መጠቅለያውን በተጠቀሱት ማዕዘኖች ማዘንበል ያስፈልጋል፤ ይህን በተሽከርካሪ ምርመራ ላይ የሚሠራ መካኒክ ቢያውቀው እጅግ ይጠቅማል።

የመሰብሰቢያው ሞላም ችላ ሊባል አይገባውም። ደንብ ቁጥር 16 የትከሻ ቀበቶ የመሰብሰብ ኃይል ከ1 እስከ 7 ኒውተን እንዲሆን ይወስናል፤ መጠቅለያው 40,000 ጊዜ ወጥቶ ከተሰበሰበ፣ የዝገትና የአቧራ ፈተና ካለፈ በኋላም ሌላ 5,000 ጊዜ እንዲሠራ ይጠየቃል። ያረጀና የቆሸሸ ጥብጣብ በትከሻ በኩል በሚያልፍበት መምሪያ ቀለበት ላይ ስለሚከብድ ሞላው ክፍተቱን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ያኔ መቆለፊያው ደህና ቢሆንም የሚቆልፈው የላላ ቀበቶ ነው። ጥብጣቡን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል። ቀበቶ ደረቴን ያጠብቀኛል ብሎ በመቆንጠጫ አላልቶ መያዝ ግን መጠቅለያው የተሠራበትን ምክንያት ማፍረስ ነው።

በአንዳንድ መኪኖች ጥብጣቡ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ መጠቅለያው የሕፃናት ወንበርን አጥብቆ ለማሰር እንዲያገለግል ወደ መሰብሰብ ብቻ ይለወጣል፤ ሲሰበሰብ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሕፃን ጥብጣቡን እስከ ጫፍ ስቦ በአንገቱ ላይ ቢጠመጥመው መጠቅለያው እያጠበቀ እንጂ እየለቀቀ አይሄድም። ስለዚህ ከልጅ አጠገብ ያለ ባዶ ቀበቶ ታስሮ መቀመጥ አለበት፤ አደጋው ከደረሰም ዘለበቱን መፍታት፣ ካልተቻለ ጥብጣቡን መቁረጥ ነው እንጂ መጎተት ያባብሰዋል።

ከባድ ግጭት የደረሰበት መጠቅለያ ሲሠራ ቢታይም ይለወጣል። ጥርሶቹ ተሸራርፈው፣ በውስጡ ያለው ዘንግ ተጠምዝዞ፣ ጥብጣቡም ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። በመምሪያው ቀለበት ላይ የቀረ የቀለጠ ፕላስቲክ ምልክት፣ በጥብጣቡ ላይ የሚያብረቀርቅ ወይም የሻከረ መስመር፣ ወይም ሲወጣ ከመደበኛው ያጠረ ጥብጣብ ከታየ፣ ያ መጠቅለያ አንድ ጊዜ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።