የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ሳንሱርና የሕግ ቁጥጥር ክርክር

ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ኤክስ የግል ኩባንያዎች ንብረት ናቸው። የማንን ፖስት እንደሚያነሱ፣ የማንን አካውንት እንደሚዘጉ፣ የትኛውን ቪዲዮ ለብዙ ሰው እንደሚያሳዩ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ደንቡን ያወጣሉ፣ ጥፋተኛውን ይለያሉ፣ ይቀጣሉ። ቅሬታ ያለውም ሰው አቤት የሚለው ለእነሱው ነው። መንግሥት በዚህ ሥልጣን ላይ ሕግ ያውጣ ወይስ እጁን ይሰብስብ? ጥያቄው ብዙ አገሮችን ሲያከራክር ቆይቷል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ምን እንደሚመስል አንድ ታዋቂ ምሳሌ ያሳያል። በ2016 አንድ የኖርዌይ ደራሲ ስለ ጦርነት ፎቶዎች ሲጽፍ በ1972 ቬትናም ውስጥ የተነሳውን ዝነኛ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ናፓልም በተባለ ተቀጣጣይ ቦምብ የተቃጠለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ራቁቷን እየጮኸች ስትሮጥ የሚያሳየው፣ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ፎቶ ነው። ፌስቡክ የሕፃን እርቃን ነው ብሎ አነሳው። አፍተንፖስተን የተባለው ትልቅ ጋዜጣ ዜናውን ከነፎቶው ሲያወጣ የእሱም ተነሳ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኤርና ሶልበርግ በራሳቸው ገጽ ሲለጥፉት የእሳቸውም ጠፋ። ጫጫታው ዓለምን ሲያዳርስ ነው ኩባንያው ውሳኔውን የቀለበሰው። ተንኮል አልነበረበትም፤ ደንቡን እንዳለ ሥራ ላይ ማዋል ብቻ ነበር። ግን ጋዜጣም ጠቅላይ ሚኒስትርም ከጎኑ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ ፎቶው እንደጠፋ ይቀር ነበር።

ኩባንያዎቹ ይህን ያህል ነፃነት ያገኙት በአሜሪካ ሕግ ነው። በ1991 ኮምፑሰርቭ የተባለ የኦንላይን አገልግሎት ድርጅት ሰዎች በመድረኩ ላይ በሚጽፉት ነገር ስለማይገባ ተጠያቂ አይደለም ተባለ። በ1995 ግን የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ፕሮዲጂ የተባለውን ተመሳሳይ ድርጅት ተጠያቂ አደረገው። ለምን? ፕሮዲጂ ስድቡንና ጸያፉን ለማጽዳት ይሞክር ስለነበር እንደ አሳታሚ ተቆጠረ። ቤቱን ያጸዳው ተቀጣ፣ ዝም ያለው ነፃ ወጣ ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል ኮንግረስ በ1996 አንቀጽ 230 የሚባለውን አወጣ። ኩባንያዎች ሌላ ሰው ለጻፈው እንደ አሳታሚ አይጠየቁም፤ በቅን ልቦና መጥፎ ነው ያሉትን ቢያነሱም አይከሰሱም።

ቁጥጥር ይኑር የሚሉት ዋና መከራከሪያቸው የኩባንያዎቹ ግዝፈት ነው። "ካልተመቸህ ሌላ ቦታ ሂድ" ማለት ለወሬ ይቀላል። ሰው ግን ተከታዮቹን፣ ጓደኞቹንና ደንበኞቹን በጆንያ ይዞ አይሄድም። ሁሉም ያለው እዚያው ስለሆነ ሁሉም እዚያው ይቆያል። ስለዚህ እነዚህ ድርጅቶች ከጋዜጣ ይልቅ የስልክ ኩባንያ ይመስላሉ፣ የደዋዩን ሐሳብ እያዩ መስመር መቁረጥ የለባቸውም ይላሉ። ትዊተር (የአሁኑ ኤክስ) በጥር 2021 የዶናልድ ትራምፕን አካውንት ሲዘጋ ይህ ክርክር ጦፈ። የትራምፕ ወዳጅ ያልሆኑት የጀርመኗ መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል እንኳ በቃል አቀባያቸው በኩል ነገሩ አሳሳቢ ነው አሉ። እንዲህ ያለው ነፃነት በሕግ እንጂ በኩባንያ አለቆች ፍላጎት መገደብ የለበትም የሚል ነበር ሐሳባቸው።

በዚያው ዓመት ቴክሳስና ፍሎሪዳ ሕግ አወጡ። የቴክሳሱ በአሜሪካ በወር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች በአመለካከት ምክንያት ፖስት እንዳያነሱ ይከለክላል። የፍሎሪዳው በግዛት ደረጃ የሚወዳደር ዕጩን ያገደ ኩባንያ በቀን 250,000 ዶላር እንዲቀጣ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2024 ሁለቱንም ጉዳዮች ወደ ሥር ፍርድ ቤቶች መለሰ። አብዛኞቹ ዳኞች ግን የሌሎችን ንግግር መርጦና አሰናድቶ ማቅረብ ራሱ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ሐሳብን የመግለጽ ተግባር ነው ብለዋል። ኩባንያን "ይህን አታንሳ" ማለት "ይህን አሳትም" ከማለት ብዙም አይርቅም።

ጀርመን የሄደችው በተቃራኒው መንገድ ነው። በ2017 ያወጣችውና በ2024 በአብዛኛው የተሻረው ሕግ ግልጽ ሕገወጥ ይዘት አቤቱታ በቀረበ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ያዝ ነበር፤ ቅጣቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። ሕገወጡን የተወ ይቀጣ ነበር፣ ንጹሑን ያነሳ ግን ምንም አይሆንም ነበር። ታዲያ ኩባንያው ምን ያደርጋል? ሲጠራጠር ያነሳል። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ በጀመረበት በጥር 2018 የመጀመሪያ ቀናት ትዊተር ቲታኒክ የተባለውን የቀልድ መጽሔት አካውንት አገደ። መጽሔቱ ያደረገው በአንዲት ፖለቲከኛ ንግግር ላይ መሳለቅ ነበር።

መንግሥት ያለ ሕግም ቢሆን እጁ ይረዝማል። የአሜሪካ ባለሥልጣናት በኮቪድ ጊዜ ኩባንያዎቹ የተለያዩ ፖስቶችን እንዲያነሱ ሲወተውቱ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም በሰኔ 2024 ከሳሾቹ የመክሰስ መብት እንዳላቸው አላሳዩም ተብሎ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ። ውትወታው መቼ ትእዛዝ እንደሚሆን በዚያ መዝገብ አልተወሰነም። ለእኔ የክርክሩ ዋና አደጋ ያለው እዚህ ነው። የኩባንያ ሳንሱርን ለመግታት ተብሎ የተሰጠ ሥልጣን፣ ባለሥልጣኑ የማይወደውን ሐሳብ ለማስነሳትም ያገለግላል።

ስለዚህ ሕጉ ምን ይነሳ የሚለውን ትቶ እንዴት ይነሳ በሚለው ላይ ቢያተኩር ይሻላል የሚለው አካሄድ የበለጠ ያሳምነኛል። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በ2021 ፌስቡክ የራሱን ደንብ ማውጣት ይችላል አለ። ነገር ግን ፖስት ሲያነሳ ቢያንስ ወዲያው ማሳወቅ፣ አካውንት ከማገዱ በፊት ደግሞ ምክንያቱን ነግሮ መልስ መስማት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም ይህን መንገድ ይከተላል። በየካቲት 2024 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በኅብረቱ በወር 45 ሚሊዮን ተጠቃሚ በደረሱት ላይ ጠበቅ ይላል። ቅጣቱ እስከ ዓመታዊ የዓለም ገቢያቸው 6 በመቶ ነው።

ሕጉ በድብቅ ማፈንንም ይነካል። ፖስቱ አልጠፋም፣ አካውንቱም አልተዘጋም፤ ግን ማንም አያየውም። ባለቤቱ ላይክ ለምን እንደቀነሰ እየገረመው ይኖራል። እንዲህ ያለው ገደብም ምክንያቱ ለተጠቃሚው መነገር አለበት። በ2024 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ኤክስ ከፍሎ የሚጠቀም ደንበኛውን ያለ በቂ ማብራሪያ በዚህ መልክ ገድቧል ብሎ ፈርዶበታል።

በዚሁ የአውሮፓ ሕግ መሠረት በኩባንያው መልስ ያልረካ ሰው ከፍርድ ቤት ውጭ ወዳሉ፣ በመንግሥት ዕውቅና ወደተሰጣቸው ገለልተኛ አካላት መሄድ ይችላል። ለዚህ የሚከፍለው ምንም ወይም ጥቂት ነው፤ ዋናውን ወጪ የሚሸፍነው መድረኩ ነው። ውሳኔያቸው ግን ኩባንያውን አያስገድድም። ኩባንያው እምቢ ካለ ለተጠቃሚው የሚቀረው ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ነው።