ሴትሱኮ ሃራ፦ የጃፓኗ ተዋናይት ሕይወትና ሥራ

ሴትሱኮ ሃራ ትወና ስታቆም ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ስሟ በመላው ጃፓን የታወቀ፣ ሥራም ያልጠፋባት ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ከሕዝብ ዓይን ርቃ ኖረች። ጋዜጠኛ አታስጠጋም፤ ፎቶ መነሳትም አትፈልግም ነበር። ስለ እሷ ከሚጻፈው አብዛኛው በዚህ መሰወሯ ላይ ያተኩራል። ነገሩ ያጓጓል፣ እውነት ነው። ግን ዝምታዋ ሲወራ ሥራዋ ይረሳል። ሴትየዋ ከ100 በላይ ፊልሞች ላይ ተውናለች፤ ከእነሱም ውስጥ በዓለም ሲኒማ ታሪክ ምርጥ ከሚባሉት የሚመደቡ አሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ማሳኤ አይዳ ነው። የተወለደችው ጁን 17 ቀን 1920 በዮኮሃማ፣ ሆዶጋያ በሚባል ሰፈር ነው። ልጅ የበዛበት ቤት የመጨረሻ ልጅ ነበረች። ታላቅ እህቷ ሂሳቶራ ኩማጋይ የተባለ የፊልም ዳይሬክተር አግብታ ነበር። ማሳኤም ትምህርቷን አቋርጣ በእሱ በኩል ኒካትሱ የሚባለው የፊልም ኩባንያ ገባች። በ1935 የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ 15 ዓመቷ ነበር። የተጫወተቻት ልጅ ስም ሴትሱኮ ነበርና ስሙ በዚያው ጸናባት።

ዕድሏ የተከፈተው በጀርመኖች በኩል ነው። በተራራ ፊልሞቹ የሚታወቀው ጀርመናዊው ዳይሬክተር አርኖልድ ፋንክ ጃፓን መጥቶ የጋራ ፊልም ሲያዘጋጅ ለመሪ ተዋናይነት እሷን መረጠ። «አዲሲቱ ምድር» የተባለው ይህ ፊልም በ1937 ለእይታ በቃ። ጃፓናዊው አጋሩ ማንሳኩ ኢታሚና ፋንክ መስማማት ስላቃታቸው ፊልሙ በሁለት ቅጂ ነው የወጣው። እሷም በዚያው ዓመት ከእህቷ ባል ጋር ለማስተዋወቅ ሥራ በርሊን ሄደች፤ በአሜሪካ በኩልም ዞራ ተመለሰች። ያኔ ናዚዎች ጀርመንን ይገዙ ነበር፤ ጃፓንም ከእነሱ ጋር መወዳጀት ጀምራ ነበር። ፊልሙ የዚያ ወዳጅነት አንዱ መሣሪያ ነው። በጦርነቱ ዓመታትም ቶሆ በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ሆና በመንግሥት የጦርነት ቅስቀሳ ፊልሞች ላይ ሠርታለች። በ1942 የወጣውና በፐርል ሃርበር ጥቃት ላይ ያጠነጠነው ትልቅ ፊልም አንዱ ነው። አድናቂዎቿ ይህን የሕይወቷን ክፍል ዘለው ማለፍ ይወዳሉ። መዘለል የለበትም። ከጦርነቱ በኋላ የሠራቻቸው ሴቶች ለተመልካቹ ያን ያህል ከባድ የሆኑት፣ ያው ፊት ትናንት ለወታደር ሲያለቅስ ስለታየም ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 አኪራ ኩሮሳዋ «በወጣትነታችን አንጸጸትም» የሚለውን ፊልም ሲሠራ መሪዋን ገጸ ባሕርይ ሰጣት። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ልጅ ናት፤ ተቀማጥላ ያደገች፣ ፒያኖ የምትጫወት። የምትወደው ሰው በስለላ ተከሶ እስር ቤት ሲሞት ገጠር ያሉት ወላጆቹ ዘንድ ትሄዳለች። መንደርተኛው «የሰላይ ቤተሰብ» ብሎ አግልሏቸዋል። እሷ ግን ከአማቷ ጋር ጭቃ ውስጥ ገብታ ሩዝ ትተክላለች። የተከሉት ሲበላሽባቸው እንደገና ትጀምራለች። እጇ ሻክሮ፣ ፊቷ በጭቃ ተለውሶ የምትታይባቸው ትዕይንቶች ለብዙ ጃፓናዊ አስደንጋጭ ነበሩ። እንዲህ ያለ ግትር ሴት በሲኒማቸው አልለመዱም ነበርና። በ1951 ደግሞ ኩሮሳዋ የሩሲያዊውን ደራሲ የዶስቶየቭስኪን ልብ ወለድ «ጅሉ» ወደ ጃፓን አምጥቶ ሲሠራ አብራው ሠርታለች።

ስሟ ከሁሉ በላይ የተቆራኘው ግን ከዳይሬክተሩ ከያሱጂሮ ኦዙ ጋር ነው። አንድ ላይ ስድስት ፊልም ሠርተዋል። ከስድስቱ በሦስቱ፣ በ1949፣ በ1951 እና በ1953 በወጡት፣ የገጸ ባሕርይዋ ስም ኖሪኮ ነው። ሰዎቹ ግን ይለያያሉ። ቺሹ ሪዩ የተባለው ተዋናይ በመጀመሪያው አባቷ፣ በሁለተኛው ወንድሟ፣ በሦስተኛው አማቷ ሆኖ ይተውናል። ሦስቱን አከታትሎ ላየ ሰው ይህ ብቻውን ደስ የሚል ነገር ነው።

«የጸደይ መጨረሻ» የ1949ኙ ነው። ኖሪኮ 27 ዓመቷ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት አባቷን እየተንከባከበች ካማኩራ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ዘመድ አዝማዱ ቆማ እንዳትቀር ይጨነቃል። እሷ ደስተኛ ናት፣ ማግባት አትፈልግም። አባትየው ልጁ እንድትሄድለት ብሎ እኔም ላገባ ነው የሚል ውሸት ይዋሻል።

እዚህ ፊልም ውስጥ ኖ የሚባለውን ጥንታዊ ቲያትር የሚያዩበት ቦታ አለ። አባቷ በመድረኩ ተመስጧል። እሷ ዘወር ስትል ማዶ የተቀመጠች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ታያለች። አባቷና ሴትየዋ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ። ከዚያ ካሜራው ወደ ሃራ ፊት ይመለሳል። ፈገግታው ቀስ እያለ ይጠፋል። አንዴ ሴትየዋን ታያለች፣ አንዴ አባቷን። መጨረሻ ላይ አንገቷን ትደፋለች። አንድም ቃል አልተነገረም፤ የሚሰማው የመድረኩ ዜማ ብቻ ነው። ቅናት፣ ንዴት፣ ሐዘን ሁሉም በተራ ያልፋሉ። ጥሩ ተዋናይ ናት ወይስ አይደለችም ብሎ የሚከራከር ካለ ይህችን ቦታ ይይልኝ።

በ1951ዱ ፊልም ያለችው ኖሪኮ ሌላ ናት። ቤተሰቡ ጥሩ ደመወዝ ያለው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው አጭቶላታል። እሷ ግን ማንንም ሳታማክር ሚስት የሞተችበትንና ልጅ ያለውን ጎረቤታቸውን አገባለሁ ትላለች። ቤቱ ይታመሳል። እሷ ፈገግ ብላ በቃሏ ትጸናለች።

«የቶኪዮ ወግ» በ1953 ወጣ። ኦኖሚቺ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሁለት አዛውንቶች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። እንግዶቹን ከልቧ የምታስተናግደው በጦርነቱ የሞተው ልጃቸው ሚስት፣ ኖሪኮ ናት። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን ታስጎበኛቸዋለች። ቤቷ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ለአማቷ የሚቀመስ ነገር ስታጣ ጎረቤት ሄዳ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ትበደራለች። ያገራችን ሰው ይህን ሲያይ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። በኋላ አሮጊቷ ይሞታሉ። ሽማግሌው ምራታቸውን «ጥሩ ሰው ነሽ» ሲሏት እሷ አይደለሁም ብላ ታለቅሳለች፤ ባሌን የማላስታውስበት ቀን አለ ትላለች። እሳቸውም የሚስታቸውን ሰዓት ይሰጧታል። የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በ2012 የዓለም ዳይሬክተሮችን ድምፅ ሲሰበስብ አንደኛ የወጣው ይህ ፊልም ነው።

በዚያው በ1953 ከባድ ሐዘን ደርሶባታል። ካሜራማን የነበረው ወንድሟ ጎቴምባ በሚባል ባቡር ጣቢያ ፊልም ሲቀርጽ ባቡር ገጭቶት ሞተ። ፊልሙን የሚመራው የእህታቸው ባል ኩማጋይ ነበር፤ ተዋናይዋ ደግሞ ራሷ ሃራ ናት።

ጃፓኖች «ዘላለማዊቷ ድንግል» የሚል ቅጽል አውጥተውላት ነበር። እኔ ይህ ቅጽል የበደላት ይመስለኛል። ሚኪዮ ናሩሴ በ1951 እና በ1954 በሠራቸው ፊልሞች ላይ ትዳር ያሰለቻትና በባሏ የተከዳች ሚስት ሆና ስትጫወት ድንግልናው የለም፤ ሩዝ እየቀቀለች በውስጧ የምትብሰለሰል ሴት ነው የምናየው።

በእውነተኛው ሕይወቷ አላገባችም። የመጨረሻ ፊልሟ በ1962 የወጣው፣ የ47ቱን ሳሙራዮች ታሪክ የሚተርከው «ቹሺንጉራ» ነው። ኦዙ በዲሴምበር 12 ቀን 1963፣ ልክ 60 ዓመት በሞላው ዕለት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሃራ ወደ ካሜራ አልተመለሰችም። ለምን? ብዙ ተብሏል። ከኦዙ ፍቅር ይዟት ነበር ያሉ አሉ፤ ማስረጃ ግን የለውም። ትወናን ቤተሰቧን ለመደጎም እንጂ ወዳው እንዳልሠራችው መናገሯም ተደጋግሞ ተጽፏል። ለእኔ ይህኛው ይበልጥ ያስኬዳል። በ15 ዓመቷ ሥራ የገባች ልጅ ናት፤ ከ25 ዓመት በላይ ሠርታ በቃኝ ብትል ምን ያስገርማል?

በትውልድ ስሟ እየተጠራች ካማኩራ፣ የቅርብ ዘመዶቿ አጠገብ ኖረች። ኦዙም የተቀበረው እዚያው ከተማ ነው። ጋዜጠኞች ለዓመታት ፎቶዋን ለማግኘት ደጅ ጠንተዋል። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2015 በሳንባ ምች በ95 ዓመቷ ዐረፈች። ዜናው የተሰማው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ በኖቬምበር መጨረሻ ነው።

ሥራዋን ለማየት ለሚፈልግ ብዙ ሰው «የቶኪዮ ወግ»ን ያስቀድማል። እኔ ግን በ«የጸደይ መጨረሻ» ጀምሩና ቀጥላችሁ የ1960ውን «የመጸው መጨረሻ» እዩ እላለሁ። ታሪኩ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለየው ወላጁ ላይ ነው። በመጀመሪያው አባቷን ትታ አልሄድም ያለችው ሃራ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ባሏ የሞተባት እናት ሆና ልጇን የምትድረው እሷ ናት።