ካሎሪ ቆጥሮ ክብደት መቀነስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ዛሬ ቀድሞ የሚሰማው ምክር ካሎሪውን፣ ማለትም ምግብ የሚሰጠው ጉልበት የሚለካበትን ቁጥር፣ እንዲቆጥር ነው። ምክሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ከተበላ ክብደት እንደሚጨምር፣ በታች ከተበላ ደግሞ እንደሚቀንስ አያከራክርም። ችግሩ ቆጠራው ሊሰጥ ከሚችለው በላይ እምነት የተጣለበት መሆኑ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በየቀኑ 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ይቀንሳል።

እውነታው፦ ይህ ስሌት ማክስ ዊሽኖፍስኪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የተስፋፋ ሲሆን፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሰውነት ክብደት 3,500 ካሎሪ ያህል ይይዛል በሚል መነሻ ላይ የቆመ ነው። እንደ ስሌቱ ቢሆን ኖሮ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጨርሶ በጠፋ ነበር። እንዲህ የማይሆነው ክብደት በቀነሰ ቁጥር የሰውነት ፍጆታም አብሮ ስለሚቀንስ ነው፤ ከ90 ኪሎ ወደ 80 የወረደ ሰው ያንኑ ዳገት ሲወጣ የሚሸከመው አካል ቀሏል። ሰውነት ከዚህም አልፎ ቁጠባ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን በተላለፈ የክብደት ቅነሳ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ በአማካይ ከቀነሱት 58 ኪሎ 41ዱን መልሰው ነበር። በዕረፍት ላይ ሳሉ የሚያቃጥሉትም ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ እነዚህ ሰዎች በወራት ውስጥ ከልክ በላይ የከሱ ናቸው፤ በመጠኑ በቀነሰ ሰው ላይ ቁጠባው ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የተመዘገበው ቁጥር የተበላውን በትክክል ያሳያል።

እውነታው፦ በማሸጊያ ላይ የሚታተመው ቁጥር ግምት ነው። በአሜሪካ ደንብ ትክክለኛው መጠን ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ እንኳ አምራቹ አይጠየቅም። ሙሉ አልሞንድ ሲበላ ሰውነት የሚያገኘው ካሎሪ ደግሞ በተለመደው ስሌት ከሚገመተው በሩብ ገደማ ያነሰ መሆኑ በሙከራ ታይቷል፤ ከፊሉ ስብ ሳይፈጭ ይወጣልና።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ዘይቱ ከጀሪካኑ በቀጥታ ይንቆረቆራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ስላለው የሁለት ማንኪያ ልዩነት ያለው ሽሮ በዓይን ሲታይ ያው ሽሮ ነው። ከዚያም አራት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። የጎረሰውን፣ የተጎረሰውንም ጭምር መዝኖ በስልኩ ላይ የሚመዘግብ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ካሎሪ ከየትም ይምጣ ልዩነት የለውም።

እውነታው፦ በመለኪያነቱ ልዩነት የለውም፤ ለመፈጨት በሚወስደው ጉልበትና በማጥገብ ረገድ ግን አለው። ከፕሮቲን ከሚገኘው ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለራሱ መፈጨት ሲውል የስቡ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። ኬቨን ሆል የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ጥናት 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በእጅጉ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪበቃቸው እንዲበሉ ተደርጓል። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳርና ስብ ተመጣጣኝ ሆኖ ሳለ በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በልተው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጨመሩ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ጽናት የጎደለው ነው።

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ለ10 ሳምንታት ምግባቸውን በእጅጉ የቀነሱ 50 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላም ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ከፍ እንዳለ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞንም ዝቅ እንዳለ ነበር፤ ሰዎቹ ራሳቸውም ከበፊቱ ይልቅ እንደሚርባቸው ተናግረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እንግዲያው መቁጠር ዋጋ የለውም።

እውነታው፦ ለጥቂት ሳምንታት የቆጠረ ሰው ያላስተዋለውን ያያል፤ ከምሳ ጋር የምትከፈተው 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር መያዟን፣ ወይም ቁሌቱ ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደገባ። ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ግን ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ መድኃኒቱ አብሮ ካልተስተካከለ በደማቸው ያለው ስኳር አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።